የአንዳርጌ ምድጃ

በተድባሬ ምድር፣ ፀሐይ ብቻዋን ጉሙን በማትደፍርበት አገር፣ የእንጎያ መንደር ዋርካ ወደቀ። መብረቅ አልመታውም፤ ነፋስም አልነካውም። በጠራራ ቀን፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ እንደ ሽማግሌ አንድ ጊዜ አቃስቶ ተጋደመ። ከተሰነጠቀው ግንዱ ውስጥም አንድ ድምፅ ተሰማ። ትልልቆቹ ያን ድምፅ ወዲያው አወቁት፤ ልጆቹ ግን ሰምተውት አያውቁም ነበር። የንጋት ጸናጽል ድምፅ ነበር።

ጸናጽሉ የመንግሥቱ ታላቅ ሀብት ነው። በየማለዳው ከንጋት ግንብ ላይ ሲጸነጸል ጉሙ ከሸለቆው ይነሣና ፀሐይ እስከ እርሻው ትወርዳለች። ከጠፋ ወዲህ ተድባሬ ግማሽ ቀን ጉም ለብሳ የምትውል፣ ከእህሏ ገለባዋ የሚበዛ አገር ሆና ነበር። አሁን በዋርካው ሆድ ውስጥ፣ በቁራ ጎጆ፣ ከዶሮ አጥንትና ከመስተዋት ስባሪ ጋር ተቀምጦ ተገኘ። ሌባው ቁራ ነበር። ቁራው ሞቶ፣ ልጆቹም ሞተው፣ የልጅ ልጆቹ እንኳ ጎጆውን ትተውት ሄደዋል።

ሰዉ በመጀመሪያ እልል አለ። ቀጥሎ ዝም አለ። በዚህ ጸናጽል ስርቆት የተፈረደበት ሰው ገደል ቤት በሚባለው እስር ቤት ውስጥ እስካሁን በሕይወት እንዳለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትዝ አላቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አባባሉ ልክ ነው፤ ግን «እያደር» ስንት ሌሊት እንደሆነ የሚያውቀው ያደረበት ሰው ብቻ ነው።

ሰውየው አንዳርጌ ይባላል። የግንቡ ጠባቂ፣ ጸናጽሉንም የሚጸነጽለው እርሱ ነበር። ንግሥት ዘውዳሬ መለከት አስነፋች፤ አዋጅ ነጋሪውም በገበያው መካከል ቆሞ እንዲህ አለ፦

«የተድባሬ ሰዎች ስሙ። በአንዳርጌ ላይ የወጣው ፍርድ ስሕተት ነበር። እጁ ንጹሕ ነው፤ ስሙ ንጹሕ ነው፤ ቤቱም ንጹሕ ነው። ይህን ቃል ያጠፈ የንግሥቲቱን ቃል ያጠፈ ነው።»

ካባም ላከችለት። ከገደል ቤት ሄዳ ያወጣችው ግን ልጁ ፀዳሌ ናት። አባቷ ሲታሰር የወተት ጥርሷ እንኳ ገና ያልተነቀለ ሕፃን ነበረች። እናቷን ሐዘን ገደላት፤ እሷን አክስቷ አሳደገቻት። አባቷን የምታውቀው በሰው አፍ ነው፤ በሰው አፍ ደግሞ ሌባ ነበር። ስለዚህ እጁን ይዛ ወደ ገዛ ቤቱ ስትወስደው እንደ እንግዳ «እርስዎ» ትለው ነበር።

አንዳርጌ በሩ ዘንድ ሲደርስ እጁን አጣምሮ ቆመ። ቤቱን በናፍቆት የሚያይ መስሏት ጠበቀችው። ቆየ። በጣም ቆየ። በሩን የሚከፍትለት ሰው እየጠበቀ መሆኑ የገባት ያኔ ነው።

«ይግቡ እንጂ» አለችው።

«እስኪከፈት ብዬ ነው» አለ በትሕትና።

ከፈተችለት። ከዚያም በኋላ ጠዋትና ማታ ትከፍትለት ነበር። እሷ ከሌለች ውጭ ይቆማል፤ ዝናብ ቢመጣም ይቆማል።

ከበሩ የባሰው ግን ምድጃው ነበር። በተድባሬ ሰው ሲፈረድበት ምድጃው ይጠፋል። መንደርተኛው ሁሉ በየቤቱ ቅል ውኃ ይዞ ይመጣል፤ መጀመሪያ የተፈረደበት ሰው ቤት ታናሽ ልጅ ያፈሳል፣ ሌላው ይከተላል። ማን ምን እንደሚል፣ በየትኛው እግር እንደሚገባ ሳይቀር ደንብ አለው። መልሶ ለማንደድ ግን ደንብ የለም። የጥንት ሰዎች ሲደነግጉ ዳኛም እንደሚሳሳት አላሰቡም፤ ወይም አስበው አፍረው ትተውታል።

አዋጁ በተነገረ ማግሥት ጎረቤቶች በገል ፍም ይዘው መጡ፤ ያውም የወይራ ፍም። ምድጃው ላይ ሲያስቀምጡት ያለ አንዳች ድምፅ ጠፋ። ሌላ አመጡ፤ ጠፋ። እሳት ሊሰጡ መጥተው እሳት ሊጭር እንደመጣ ሰው ይጣደፉ ነበር፤ ተቀምጦ ከአንዳርጌ ጋር ሁለት ቃል የተነጋገረ አልነበረም።

የተድባሬ ሰው የሚቆጠረው ደግሞ በጢስ ነው። በዘመን መለወጫ ማለዳ የንግሥቲቱ ጢስ ቆጣሪዎች ኮረብታ ላይ ይወጣሉ። ጢስ ያልታየበት ቤት ከመንግሥቱ ይፋቃል፤ ባለቤቱም አገር አልባ ይሆናል። ዘመን መለወጫም እየቀረበ ነበር።

አንድ ማለዳ ፀዳሌ አባቷን ካባውን አጣጥፎ፣ ዱላውን ይዞ ደጅ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ገደል ቤት። ዘበኛው ደርበው አንድ ጥግ አይነፍገኝም። እዚያ ቦታዬን አውቀዋለሁ ልጄ። እዚህ ሰው ሁሉ ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል። ሰውን ማሳፈር ደከመኝ።»

ይህን ሲል ቂም አልነበረበትም፤ ፀዳሌንም ያስለቀሳት ያ ነው። በአሮጊቶች ወግ ውስጥ የሰማችው ነገር ትዝ አላት፦ ውኃ የፈሰሰበት እሳት አይሞትም፤ ከጭጋግ ሜዳ ማዶ፣ በአመድ ተራራ ላይ፣ ጋመራ የምትባል ታላቅ ወፍ እንደ እንቁላል ታቅፋ ታሞቀዋለች። ተነሥታ እጇን በቀዝቃዛው ምድጃ ላይ አኖረች።

«የተድባሬ ንጋት ይፍረድብኝ፤ የአባቴን እሳት ሳልይዝ ብመለስ የእኔም ጢስ አይቆጠር። እስከ ዘመን መለወጫ ይታገሡኝ፤ ከዚህ ደጅ አይሂዱ።»

አንዳርጌ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ከመንደሩ ስትወጣ መሐላዋን የሰሙ ሁለት ሰዎች አብረዋት ሊሄዱ መንገድ ላይ ጠበቋት። አንዱ ደርበው ነው፤ የገደል ቤት ዘበኛ፣ የአባቷን በር ስንት ዓመት ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ወፍራም ሰው። ሹመቱን ትቶ መጥቷል፤ ቁልፉ ግን ከወገቡ አልወረደም። ሁለተኛው ሊቀ ምስክር ኮስትሬ ነበር፤ ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን የሚኖር፣ ቃሉ በእንጎያ እንደ ሁለት ሰው ምስክርነት የሚቆጠር ሽማግሌ። የምድጃው እሳት ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም፤ የመንደሩ እሳት ሁሉ ከእሱ የተጫረ ነው። አንዳርጌን ያሳሰረውም የእሱ ቃል ነበር።

«ተመለስ ካልሽኝ እመለሳለሁ» አላት ኮስትሬ።

ፀዳሌ ነጠላዋን አጠበቀች። «አልልዎትም አባባ። ግን ከኋላዬ ይምጡ። ፊት ፊቴ ሲሄዱ ማየት አልችልም።»

«እኔ ያለ እስረኛ መንገድ ወጥቼ አላውቅም» አለ ደርበው፤ «ዛሬ ደግሞ ማን ማንን እንደያዘ እንኳ አላውቅም።»

ጭጋግ ሜዳ ከሌላ ሜዳ የሚለየው ጉሙ ለእግር የማይገለጥ በመሆኑ ነው። የሚገለጠው ለእውነት ብቻ ነው፤ ያውም ሰው ለማንም ተናግሮት ለማያውቀው እውነት። በውስጡም ድብኖች ይኖራሉ፦ ዓይን የሌላቸው፣ የጉም ቀለም ያላቸው፣ የታፈነ ቃል የሚያሸቱ አውሬዎች።

መጀመሪያ ደርበው ጉሮሮውን ጠረገ። «ከእስረኞቹ ወጥ ውስጥ ሥጋውን የምበላው እኔ ነበርሁ።» ጉሙ ጥቂት ተከፈተ። «ይህን ያህል ብቻ? ብዙ ሥጋ እኮ ነው» አለና ቅር ብሎት ሄደ።

ቀጥላ ፀዳሌ ተናገረች። «አባቴን እጠላው ነበር። ልጆች ‹የሌባ ልጅ› ሲሉኝ እነሱን ሳይሆን እሱን ነበር የምጠላው። ነፃ ነህ ሲሉትም ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ለዚያ ሁሉ ዓመት ጥላቻዬ መጣያ አጣሁለት።» ጉሙ እስከ ሩቅ ዛፎች ድረስ ተገለጠ፤ እሷ ግን እያለቀሰች ስለነበር አላየችውም። ደርበው ክንዷን ይዞ መራት።

ከሜዳው መካከል ሲደርሱ ጉሙ ዳግመኛ ተዘጋ። ድብኖቹም መጡ። ፀዳሌን አልፈው፣ ደርበውን አልፈው፣ ኮስትሬን ከበቡት። አንዱ ጋቢውን በጥርሱ ያዘ። ሽማግሌው በዱላው ተደግፎ ቆመ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም።

«አባባ፣ ይናገሩ» አለች ፀዳሌ።

«አንዳርጌ ጎህ ሲቀድ ከግንቡ ሲወርድ አይቻለሁ። በካባው ውስጥ አንድ ነገር አቅፏል። እስከዚህ ያለው እውነት ነው።» ድብኑ ጋቢውን አልለቀቀም። «ጸናጽል ግን አላየሁም። ዳኞቹ ‹ምን ነበር የያዘው?› ሲሉኝ ሸንጎው ሁሉ አፌን ያያል። ኮስትሬ አላውቅም ብሎ አያውቅማ። ‹አላውቅም› ማለት አፈርሁ። ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ ‹ጸናጽሉን ነው› አልሁ። በኋላም ሰዉ ሁሉ ሲያምነኝ ራሴን አመንሁት።»

ድብኖቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አሉ። ፀዳሌ ግን ወደ ሽማግሌው ቀረበች።

«ታዲያ ምን ነበር የያዘው?»

የመለሰው ደርበው ነው። «አንቺን ነዋ።»

ሁለቱም ዞረው አዩት።

«እኔ ለአባትሽ ምዬለት ነበር። ለማንም አልናገርም ብዬ ማልሁለት። አሁን ግን ጉሙ ካልተከፈተ እሳቱም የለም» አለና ቁልፉን በእጁ ጨበጠ። «ትኩሳት ሊገድልሽ ነበር። ጸናጽሉን በቅርብ የሰማ በሽተኛ ይድናል ይባል የለ? በካባው ሸፍኖ ግንቡ ላይ አወጣሽ፣ ጸነጸለልሽ፣ ትኩሳቱም ለቀቀሽ። ደስታው ሲያጣድፈው ጸናጽሉን ክፍት መስኮት ላይ ትቶት ወረደ። ቁራውም ያኔ ነው የወሰደው። ሸንጎ ፊት ‹ልጄን ነው የያዝሁት› ቢል በነፃ ይወጣ ነበር። ግን ግንቡ ውስጥ የገባ ሕፃን የግንቡ አገልጋይ ሆኖ ይቀራል፤ አባትና እናቱን ዳግመኛ አያይም። ሕጉ እንዲያ ነው። ስለዚህ ዝም አለ። ‹እኔ ብታሰር እናቷ ትቀርላታለች› ብሎኝ ነበር።»

ጉሙ እስከ አመድ ተራራ ድረስ ተገለጠ። ማንም ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። ኮስትሬ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ፀዳሌም አጠገቡ ተቀመጠች፣ ለምን እንደሆነ እሷም አላወቀችውም።

ጋመራ በተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። ክንፏ የቤት ክዳን ያህላል፤ ላባዋ አመድማ ነው። ዓይኗ ግን የደከመች እናት ዓይን ነበር። በሆዷ ሥር እልፍ ፍሞች ይተነፍሳሉ፤ ከየአገሩ በግፍም በፍርድም የጠፋ የሰው እሳት ሁሉ።

«የማንን ልትወስጂ መጣሽ?» አለች ወፊቱ።

«የአንዳርጌን። እኔ ልጁ ነኝ።»

«ማን አጠፋው?»

ፀዳሌ ከወገቧ የታሰረችውን ትንሽ ቅል ነካች። ከልጅነቷ ጀምሮ ውኃ የምትጠጣባት ናት። «እኔ ነኝ። የቤቱ ታናሽ እኔ ነበርሁ። በዚህች ቅል አፈሰስሁ፤ ‹ጎበዝ› አሉኝ።»

ጋመራ ክንፏን ገለጥ አድርጋ ባቄላ የምታህል ፍም በመንቁሯ አወጣች። «ስትመጣ በጣም ትንቀጠቀጥ ነበር» አለች። «እሰጥሻለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር ስሚ። ውኃው ዛሬም ምድጃው ውስጥ ነው። ያፈሰሱት እጆች ራሳቸው፣ የሞተ ካለም ልጁ፣ በዚያው ቅል ካልጨለፉት ምንም እሳት አይነድበትም። ሁለተኛው፣ ጎጆዬ እንዳይበርድ በምትኳ የሚነድ ምድጃ ይሰጠኛል። የተሰጠኝ ምድጃ ዳግመኛ አይነድም፤ ብርዱም ከሰጪው አጥንት አይወጣም።»

ፀዳሌ ምድጃ አልነበራትም። ደርበውም እስር ቤት ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። «የእጄን ሙቀት ውሰጂ» አለች ፀዳሌ።

«እሱን አባትሽ ይፈልገዋል።»

ኮስትሬ ዱላውን መሬት ላይ አኖረና ሸንጎ ፊት እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔ ኮስትሬ፣ የእንጎያ ሊቀ ምስክር፣ በቃሌ የሰው እሳት አጥፍቻለሁ። የአባቶቼ ምድጃ ይኸው። ስሰጥ ማንም አላስገደደኝም። ዛሬ የምናገረው ያየሁትን ብቻ ነው፤ ያየሁትም የዚህችን ልጅ አባት ብርድ ነው።»

በዚያች ቅጽበት፣ በሩቅ እንጎያ፣ ዘመናት የነደደው እሳት እንደ ዓይን ቆብ ተከደነ። ሽማግሌው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፀዳሌ ነጠላዋን አውልቃ ደረበችለት። ሲመለሱም ከኋላ እንዲሄድ አላዘዘችውም፤ ጎን ለጎን እጁን ይዛው ሄደች። ፍሟ መንገድ ላይ ስትዳከም ደርበው የገደል ቤቱን ቁልፍ የእንጨት እጀታ ሰብሮ መገባት። «በመጨረሻ ለአንድ ነገር ጠቀመ» አለ።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ፣ ዝናብ እያካፋ፣ እንጎያ ገቡ። ኮስትሬ «ገብቼ የሰውዬውን ፊት አላይም» ብሎ ወደ ቀዝቃዛ ቤቱ ሄደ። ፀዳሌ መንደሩን ሰብስባ ወፊቱ ያለችውን ነገረቻቸው። እትዬ አሰገደች የተባለች ጎረቤት እጇን አጣጥፋ «አዋጁ ተነግሮ የለም ወይ? ንጹሕ ነው ተብሏል፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?» አለች።

«አዋጁን የነገረው መለከት ነው» አለች ፀዳሌ። «ውኃውን ያፈሰሰው ግን መለከት አልነበረም።»

ወደ ቤት ገብታ ምድጃው ሥር ተንበረከከች። አንዳርጌ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያያታል። ቅሏን አመዱ ውስጥ ስትከት፣ ደረቅ የነበረው ምድጃ ጥቁር ውኃ አቀረረ። ጨለፈችና ቀና ብላ አየችው።

«አባዬ፣ ያቀፍኸው እኔን ነበር።»

ከተፈታ ወዲህ «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። አንዳርጌ ደርበውን አየ፤ ደርበው ጣሪያውን አየ።

«እንደ ፍም ትተኩሺ ነበር» አለ አንዳርጌ ቀስ ብሎ። «ስንወርድ ግን ላብ አላበሽ። ዳቦ ስጠኝ አልሽኝ።» እሷም እቅፉ ውስጥ ገብታ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

እትዬ አሰገደች ከደጅ ሆና ይህን ሁሉ ሰምታለች። ሄዳ ቅሏን ይዛ መጣች። «አንዳርጌ፣ ሳፈስ ‹ይበለው› ብዬ ነበር» አለችና ጨለፈች። ከኋላዋ ሌላው መጣ፣ ሌላውም። አንዱ በሰርጉ ዋዜማ አፍስሶ ሄዶ እንደጨፈረ ተናገረ። የሞቱት ሰዎች ቅል በልጆቻቸው እጅ መጣ። ምንም ማለት ያልቻለም ነበረ፤ ጨልፎ፣ ተቀምጦ፣ አልሄደም። ቤቱ ሰው ሞላው።

ፀዳሌ ፍሟን ምድጃው ላይ አኖረች። ቀላች፣ አልጠፋችም፤ ግን አልነደደችም። አንድ ቅል ውኃ ቀርቷል ማለት ነው። የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ስሙን አልጠራም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ፍሟ ትዳከማለች።

ያኔ ከውጭ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ «ቤቶች» አለ።

የኮስትሬ ድምፅ ነበር። በሐሰት የመሰከረ ሰው፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ካልከፈተለት ያን ደጃፍ አይረግጥም፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሁሉም አንዳርጌን አየ። አንዳርጌ ተነሣና በሩ ዘንድ ሄዶ፣ እንደ ልማዱ እጁን አጣምሮ ቆመ። ደርበው ስንት ዓመት እንደለመደው ሳያስበው ብድግ ብሎ እጁን ወደ መዝጊያው ዘረጋ።

«ተቀመጥ ደርበው» አለ አንዳርጌ። «ይህን እኔ እከፍተዋለሁ።»

እጁ መዝጊያው ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ሳበው። ኮስትሬ በዝናቡ ውስጥ ቅሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ በስብሶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ቆሟል። የሚለውን ነገር መንገድ ሙሉ ሲያጠና የመጣ ይመስላል፤ ሲያየው ግን ጠፋው።

«ይግቡ» አለው አንዳርጌ። «ይበርድዎታል።»

ሽማግሌው ገብቶ የመጨረሻውን ጨለፈ። እሳቱም ተያያዘ፣ ጢሱም በክዳኑ አልፎ ወደ ተድባሬ ሰማይ ወጣ።

በማግሥቱ ማለዳ ጸናጽሉ በአዲስ ጠባቂ እጅ ከግንቡ ላይ ተሰማ፤ ጉሙም ተነሣ። ወዲያው አንድ ጢስ ቆጣሪ ከኮረብታው ወርዶ የአንዳርጌን በር መታ። አንዳርጌ ራሱ ከፈተለት።

«የሊቀ ምስክር ኮስትሬ ቤት ጢስ የለውም» አለ ቆጣሪው። «ሰውየው የት እንዳለ ታውቃለህ? ስሙ ሊፋቅ ነው።»

አንዳርጌ ወደ ውስጥ ዞሮ አየ። ኮስትሬ እሳቱ አጠገብ የንግሥቲቱን ካባ ለብሶ ተኝቷል፤ በእንቅልፉም ይንቀጠቀጣል። ፀዳሌ እንጨት እየጨመረችለት ነው።

«እዚህ ነው ያለው» አለ። «ጢሱ የሁለታችን ነው፤ እንዲያ ብለህ ቁጠረው።»

ቆጣሪው ሲሄድ በሩን ራሱ ዘግቶ ወደ እሳቱ ተመለሰ።